የክፍል ልጆች ፊልሜን አይተው «አሪፍ ነው» ብቻ ነው የሚሉኝ፣ የሚጠቅም ፊድባክ እንዴት ነው የሚገኘው?

የጀሞዋ_ኤዲተር
ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ አጭር ፊልሜን ረፍ ከት (የመጀመሪያውን ያልተጠናቀቀ ኤዲት) ጨርሻለሁ፣ 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩ ባጭሩ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት አለች፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ሌሊት ጄሪካን ደርድራ ትጠብቃለች፣ ትልቋ ልጇ ቤይሩት ሰው ቤት ትሰራለች ብር ትልካለች፣ ብሩን ከባንክ የሚያወጣው ትንሹ ወንድሟ ነው፣ እና እሱ የተወሰነውን እያስቀረ ነው ለእናቱ የሚሰጣት። አንድ ሌሊት ውሃው ሲመጣ እናትየው ልብስ ልታጥብ ትነሳና የልጁ ሱሪ ኪስ ውስጥ የባንኩን ደረሰኝ ታገኘዋለች። ምንም አትለውም። ያው ነው ፊልሙ።

ክፍል ውስጥ ካሳየሁት በኋላ የተሰጠኝን አስተያየት ልንገራችሁ። ግማሹ «በጣም አሪፍ ነው በርቺ» አለኝ። አንዱ ሙዚቃው ይቀየር አለ፣ ሌላዋ ደግሞ ሙዚቃው ነው ያስለቀሰኝ አለች። አንዱ መጀመሪያው ይረዝማል አለ፣ ሌላው ግን እናትየውን በደንብ እንድናውቃት ጨምሪበት አለኝ። ሁለት ልጆች ደግሞ ልጁ ከእህቱ ጋር ስልክ ሲጨቃጨቅ የሚያሳይ ሲን ካልተጨመረ ታሪኩ አይገባም አሉ፣ ለዛ ደግሞ ተዋናዩን እንደገና መጥራት ቤቱን እንደገና መለመን ነው። ቅዳሜ እንደገና ለማሳየት ተፈቅዶልኛል። የትኛውን ልስማ? ደግሞስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? የምትሰሩበት ነገር ካለ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ይሄን ፊልም በጣም ነው የምወደው።

ስክሪፕት_ጠባቂ
እህቴ «እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽማ «አሪፍ ነው» ነው መልሱ፣ ሌላ ምን ይበሉሽ። ሰው ፊትሽ ቆሞ ደክመሽበት እያየ ክፉ ነገር አይወጣውም፣ እኛ ሀገር ደግሞ ይሉኝታው አለ። ጥያቄውን ቀይሪው።

እኔ የምሰራበት መንገድ ሊዝ ለርማን የምትባል አሜሪካዊት ኮሪዮግራፈር (ዳንስ አቀናባሪ) እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያዘጋጀችው ነው፣ ለዳንስ ነበር የጀመረችው አሁን ግን ቲያትርም ፊልምም ይሰሩበታል። አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቹ ምኑ እንደነካው፣ ምኑ አእምሮው ውስጥ እንደቀረ ብቻ ይናገራል፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይባልም። ከዛ ባለቤቷ አንቺ ትጠይቂያለሽ። ከዛ እነሱ ይጠይቁሻል፣ ግን ጥያቄው ውስጥ ፍርድ መደበቅ አይቻልም፣ ማለት «ለምንድነው እንዲህ ጨለማ ያደረግሽው?» ጥያቄ አይደለም ወቀሳ ነው፣ «ስለ መብራቱ ስትወስኚ ምን አስበሽ ነበር?» ግን ጥያቄ ነው። መጨረሻ ላይ ነው አስተያየት የሚመጣው፣ እሱም «ስለ ድምፁ አስተያየት አለኝ ልንገርሽ?» ብለው አስፈቅደው ነው፣ አንቺም አይ ስለዛ አሁን አልፈልግም ማለት ትችያለሽ።

ለፊልም ግን እኔ ከሁሉም በፊት የማስገባው አንድ ነገር አለ። ልክ እንዳለቀ ማንም ከማንም ጋር ሳያወራ ወረቀት ስጫቸውና ታሪኩን በሶስት አራት መስመር ይፃፉልሽ። ምን እንዳዩ ብቻ። አንዱ ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌሎቹ እሱን ነው የሚከተሉት ስለዚ መፃፉ ይቅደም። ሌላው፣ ከማሳየትሽ በፊት ታሪኩን እንዳትነግሪያቸው!! እዚህ ለኛ እንደነገርሽን አይነት ከነገርሻቸው በቃ አለቀ፣ ፊልሙ ያላለውን ካንቺ አፍ ሰምተው ገባን ይሉሻል።

ካሜራ_በትከሻ
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ ነው ያለኝ። ፊልም በድምፅ ብልጫ አይሰራም። ሃያ ሰው ከሰማሽ ሃያ ፊልም ነው የሚወጣልሽ፣ እኔ በሰው ሀሳብ ተጎትቶ ተጎትቶ የሞተ ስንት የተማሪ ፊልም አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ደስ የሚል እንግዳ ነገር የነበረው ፊልም በአስተያየት ብዛት ከሌላው ጋር አንድ አይነት ሆኖ ይወጣል። የእናትየው ዝምታ ለምሳሌ፣ ስትፅፊው ራሱ ገብቶኛል፣ እሱን ግን አንዱ ተነስቶ «ትናገር፣ ትጩህበት» ይልሻል። እንዳትሰሚው።

መምህር_በአራት_ኪሎ
ሁለታችሁም ያላችሁት አይጋጭም። ተማሪዎቼን የማስተምረው እንዲህ ነው፦ ተመልካች የት ጋ እንደጠፋበት፣ የት ጋ እንደሰለቸው ሲነግርሽ ሁልጊዜ እመኚው፣ ስለ ራሱ ነው የሚናገረውና። እንዴት እንደሚስተካከል ሲነግርሽ ግን አመስግነሽ በማስታወሻሽ ፃፊው እንጂ ወዲያው አትታዘዢው። ፒክሳር የሚባለው የአሜሪካ አኒሜሽን ስቱዲዮ ውስጥ ብሬይንትረስት የሚሉት የዳይሬክተሮች ስብሰባ አለ፣ ያልተጠናቀቀውን ፊልም አይተው በግልፅ ይተቻሉ፣ ግን ማዘዝ አይችሉም፣ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው የፊልሙ ዳይሬክተር ነው። ስልጣን ስለሌለው ነው ትችቱ የሚደፈረው፣ የሚሰማው ሰውም መከላከል ውስጥ የማይገባው።

ወደ አንቺ ስንመጣ፣ ሁለት ልጆች «የጭቅጭቅ ሲን ይጨመር» ብለዋል። ሲኑን ለጊዜው እርሺው። ለምን ፈለጉት? አንድ ያልደረሳቸው መረጃ አለ ማለት ነው። ያ መረጃ ምንድነው፣ ፊልሙ ውስጥ የት ጋ ነበር መድረስ የነበረበት፣ ለምን አልደረሰም? እሱን ፈልጊ። ምናልባት አንድ ሾት ነው፣ ምናልባት አንድ ቃል ነው።

አብረውሽ የሰሩትን ልጆች ደግሞ ከተመልካች አትቁጠሪያቸው። ስክሪፕቱን አንብበዋል፣ ቀረፃ ላይ ነበሩ፣ ያልተቀረፀው ሁሉ ይታያቸዋል። ካሜራ ያነሳው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የለፋበትን ሾት ቁረጪው ሊልሽም አይችልም። ይልቅ ከሌላ ዲፓርትመንት ሰዎች ጥሪ፣ ኢንጂነሪንግም ይሁን አካውንቲንግ፣ ስለ ፊልሙ ምንም የማያውቁ።

አንቺ ደግሞ ስክሪኑን አትዪ፣ ፊልሙን ታውቂዋለሽ። ጎን ላይ ተቀመጪና ሰዎቹን እያየሽ ሰው ስልኩን ያነሳበትን፣ ወንበር ላይ የተገላበጠበትን፣ ጎረቤቱን «ምን አለች?» ያለበትን ደቂቃና ሰከንድ ፃፊ። እዛ ላይ ይሉኝታ የለም።

የጀሞዋ_ኤዲተር
መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ «ምን አለች» ያሉት ነገር አስደነገጠኝ ምክንያቱም ሁለት ሰው ሲጠያየቅ ሰምቼ ነበር የት ጋ እንደሆነ ግን አልያዝኩትም።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር፣ እኛ ክፍል አስተያየቱ ነጥብ አለው፣ የነሱን ፊልም እኔ ነጥብ እሰጣለሁ የኔን እነሱ ይሰጣሉ። ስለዚ ሁሉም ይፈራል። ክፉ ብናገር ክፉ ይናገረኛል ነው ነገሩ። እሱን ምን ይደረጋል?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ከሜሪላንድ ነው የምፅፈው፣ ፊልም እዚህ ነው የተማርኩት። ነጥቡን አስተማሪያችሁን አነጋግራችሁ ለዩት፣ ለወረቀቱ ነጥብ አይሰጥ፣ ስምም አይፃፍበት።

ግን ከዛ ይልቅ አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ጥቁር ተማሪዎች አስቢያቸው፣ ኤል ኤ ሪቤሊየን ይባላሉ አሁን፣ የኛው ኃይሌ ገሪማ፣ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪ ምናምን። እነዚህ ሰዎች አንዱ ያንዱን ፊልም ይሰሩ ነበር። በርኔት የኃይሌ ፊልም ላይ ካሜራ ይዟል፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የውድቤሪ ፊልም ደግሞ በርኔት ስክሪፕቱንም ፅፏል ካሜራውንም ይዟል። ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው አዎ፣ ግን አስቢው እስኪ፣ የሰው ፊልም ላይ ላብሽን አፍስሰሽ ከሰራሽ በኋላ የምትሰጪው አስተያየት ሌላ ነው የሚሆነው፣ ያም ሰው የሚሰማሽ ሌላ ነው። ኃይሌ ከዛ በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ አመት አስተምሯል፣ ስንት ተማሪ ነው በሱ እጅ ያለፈው።

ስለዚ ከክፍልሽ ሶስት አራት ሰው ምረጪና ቋሚ ሁኑ። ከስክሪፕት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከት አንዳችሁ የሌላውን ታያላችሁ። አንድ ቀን ብቻ ተሰብስቦ ሃያ ፊልም አይቶ አስተያየት መስጠት እኮ አድካሚ ነው፣ ስምንተኛው ፊልም ላይ ሲደርስ ማንም ሰው ጭንቅላቱ አይሰራም።

ድምፅ_ያዥ
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ክፍል ውስጥ ያሳየሽው በምንድነው? ፕሮጀክተርና ስፒከር ነው ወይስ ላፕቶፕ? ለሰዎችስ በቴሌግራም ልከሻል? ልከሽ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ እንደ ቪዲዮ ከሄደ አሳንሶ ጨምቆ ነው የሚልከው ከዛ ሰው «ምስሉ ጥራት የለውም» ይልሻል ያንቺ ጥፋት ሳይሆን። ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይወስዳል 14 ደቂቃ በደንብ ይበቃዋል።

ደግሞ በስልክ ያየ ሰው ስለ ድምፅ አስተያየቱ ግማሽ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ ስልክ ላይ የለም አዳራሽ ውስጥ ግን ጆሮሽን ይሞላዋል። አንቺ ኤዲት ስታደርጊ ሄድፎን ነው የምትጠቀሚው አይደል? ሄድፎን ላይ ሁሉም ነገር ይሰማል፣ በዛ ላይ ዲያሎጉን በቃልሽ ታውቂዋለሽ ስለዚ ባይሰማም ይሰማሻል። ቅዳሜ ስታሳዪ ወረቀቱ ላይ «ያልሰማኸው ቃል አለ?» የሚል ጨምሪበት።

የጀሞዋ_ኤዲተር
እሺ ቅዳሜ አለፈ፣ ሁሉንም ልንገራችሁ፣ ይረዝማል ይቅርታ።

ከሌላ ዲፓርትመንት ሰዎች መጡ፣ ምንም ሳልነግር ለቀቅኩት፣ ጎን ላይ ተቀምጬ ፊታቸውን ነበር የማየው። ከዛ ወረቀት። ወረቀቶቹን ማታ ሳነብ ምን እንዳገኘሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ደረሰኙን የቤቲንግ ወረቀት ነው ብለው ነው የፃፉት! ልጁ ቁማርተኛ ነው እናቱ ኪሱ ውስጥ የቤቲንግ ቲኬት አገኘች ብለው። ለመሳቅም ለማልቀስም ነው ያደረገኝ። ግን ሳስበው ልክ ናቸው፣ እርጥብ ትንሽ ወረቀት ከወጣት ልጅ ኪስ ሲወጣ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ምን ይጠረጠራል፣ በየመንገዱ ቤቲንግ ቤት ነው። ሾቱ ደግሞ አጭር ነው፣ ፅሁፉ አይነበብም።

ሁለተኛው፣ «ያልሰማሁት ቃል» የሚለው ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ቦታ ነው የፃፉት። እህትየው በኢሞ የምትልከው ቮይስ። እዛ ላይ «20 ሺ ልኬልሻለሁ» ትላለች፣ ቀጥሎ ልጁ ለእናቱ 12 ሺ ቆጥሮ ይሰጣታል፣ የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከታች የፎቁ ጄኔሬተር ይጮሃል፣ ቮይሱን ደግሞ ከስልኩ በቀጥታ ነው ያጫወትነው። 20 ሺ የሚለውን ማንም አልሰማም። ልጁ ስንት እንዳስቀረ ማንም አያውቅም ማለት ነው፣ ለዛ ነው የጭቅጭቅ ሲን ጨምሪ ያሉኝ።

ሶስተኛው ኩሽና ውስጥ መብራቱ ይርገበገባል የሚል ሶስት ሰው ፅፏል።

መምህር ያሉት ደቂቃ መያዙም ሰርቷል፣ ጄሪካን የምትደረድርበት ቦታ ላይ ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አንድ ሰው ስልኩን አልነካም፣ ፀጥ ብለው ነው ያዩት። ስለዚ «መጀመሪያው ይረዝማል» የሚለውን ተውኩት። የሰለቻቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ልጁ ደረጃ የሚወርድበት፣ እኔ በጣም የምወደው ሾት :( እሱ ይቆረጣል።

ድምፅ_ያዥ
እህቴ ይሄማ በጣም ቀላል ነው! እህትየው አትታይም እኮ፣ ድምፅ ብቻ ናት። ስለዚ ከንፈር ማመሳሰል የለብሽም፣ ያቺን ተዋናይት ጥሪያትና ቮይሱን እንደገና ቅጂው። ስቱዲዮ አያስፈልግም፣ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ከፍተሽ ፊቷን ወደ ልብሱ አድርጋ ትናገር ወይ ብርድ ልብስ ስር ትግባ፣ ማሚቶው ይጠፋል። ከዛ ኤዲት ላይ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ የሚመጠንበት) ገብተሽ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ3400 በላይ ያለውን ቁረጪው፣ የስልክ ድምፅ ይሆናል። ጄኔሬተሩን ጨርሰሽ አታጥፊው ያ ቤት ያለሱ አይሆንም፣ ግን ቮይሱ ሲጀምር ዝቅ አድርጊው። ቁጥሩን ደግሞ ተዋናይቷ ረጋ ብላ ትበለው፣ ካስፈለገ ሁለት ጊዜ፣ ሰው በኢሞ ሲያወራ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብር ይደግማል፣ «ሃያ ሺ፣ ሰማሽኝ፣ ሃያ ሺ»። ቤይሩት ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል ይሄን።

ሌላ፣ እዛ ቤት ከተመለሳችሁ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አንድ ደቂቃ ክፍሉን ቅዱት። ሩም ቶን (ማንም ሳያወራ የሚሰማው የክፍሉ ድምፅ) ከሌለሽ ከቱ ሁሉ ድምፁ ላይ ይሰማል።

ካሜራ_በትከሻ
ስለሚርገበገበው መብራት፣ ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ስንት ላይ ነበር? 1/60 ላይ ከሆነ እሱ ነው ምክንያቱ። የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ሸተሩ ከሱ ጋር ካልገጠመ ይርገበገባል በተለይ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ። 1/50 ወይ 1/100 አድርጉት ሁልጊዜ፣ 24ም ሆነ 25 ፍሬም ብትቀርፁ 1/50 ይሰራል። አሁን ለተቀረፀው ዳቪንቺ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ዲፍሊከር የሚባል መርገብገቡን የሚቀንስ ነገር አለ ግን የሚከፈልበት ስቱዲዮ ቨርዥን ላይ ነው ያለው፣ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ካለ እዛ ስሪው።

እና በነገራችን ላይ ቅድም የፃፍኩትን አልለውጥም ግን ይሄ ያደረግሽው ድምፅ ብልጫ አይደለም፣ ምን እንዳዩ ነው የጠየቅሽው፣ ይሄ ይመቸኛል።

አንድ ጥያቄ ግን፣ ቤቲንግ ወረቀት ብለው ያሰቡት ለምን አይሆንም? ራሱ ጠንካራ ታሪክ ነው እኮ፣ እህቱ የላከችውን ብር ቤቲንግ የሚበላ ልጅ። ሰዎቹ በራሳቸው የደረሱበት ነው።

ስክሪፕት_ጠባቂ
አይ እኔ አልስማማም። ቁማር ከሆነ ልጁ «ሱሰኛ» ሆኖ ያልቃል፣ ተመልካቹ ይፈርድበትና ቤቱ ይሄዳል። ደረሰኝ ከሆነ ግን ብሩ የት እንደሄደ አናውቅም፣ እናቱም አታውቅም፣ ዝምታዋ ከባድ የሚሆነው ለዛ ነው።

መምህር_በአራት_ኪሎ
ይሄ የዳይሬክተሯ ውሳኔ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ እናትየው ፊት ብቻ ነው። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባለው ሶቪየታዊ ዳይሬክተር ከዛሬ 100 አመት በፊት የአንድ ተዋናይ ምንም ስሜት የማያሳይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር ቀጠለው፣ ተመልካቹ ራበው፣ አዘነ ብሎ አነበበው። እናትየው ዝም ስለምትል ፊቷ ላይ የሚነበበው በሙሉ ከፊቷ በፊት በሚመጣው ሾት ይወሰናል። ስለዚህ ወረቀቱ ግልፅ ካልሆነ የፊቷ ትርጉምም አብሮ ይሄዳል። ልጁ ባንክ ውስጥ ያንን ወረቀት ሲቀበል የሚያሳይ ምንም የተቀረፀ ነገር የለሽም?

የጀሞዋ_ኤዲተር
አለኝ መምህር! ባንክ ሾት አለኝ፣ ካሸሯ በመስኮቱ ስር ደረሰኙን ስታሳልፍለት በአራት አጥፎ ኪሱ ሲከተው፣ ይረዝማል ብዬ አውጥቼው ነበር። እሱን መልሼ ቮይሱ ካለቀ በኋላ አስገባሁት፣ ስድስት ሰከንድ ነው። ከዛ መጨረሻ ላይ እናትየው የምታወጣው ያው በአራት የታጠፈ ወረቀት ነው፣ ፅሁፉ ባይነበብም እጥፋቱ ይታወቃል።

ቤቲንጉን አልቀበለውም፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ስክሪፕት ጠባቂ እንዳለችው ልጁን እንዲፈርዱበት አልፈልግም። የኛ ጎረቤቶች ውስጥ እንደዚህ አይነት ልጅ አለ፣ ቤተሰብ በሙሉ ከውጪ በሚላክ ብር ሲኖር እሱ ተላላኪ እንጂ የሚሰራ ሰው ተደርጎ አይታይም፣ ያስቀረውን ብር ምን እንደሚያደርገው ማንም አይጠይቀውም። ስለሱ ነው መስራት የምፈልገው። ቮይሱን ሰኞ እንቀዳለን፣ ተዋናይቷ እሺ ብላለች። የጭቅጭቅ ሲን አያስፈልግም።

አንደኛ_አመት_ነኝ
ከመጀመሪያ ጀምሮ አነበብኩት በጣም ነው የጠቀመኝ። እኔ ግን ጥያቄዬ በተቃራኒው ነው፣ የሰው ፊልም አይቼ አስተያየት ስጥ ስባል ምን እንደምል አላውቅም። አሪፍ ነው ማለት አልፈልግም፣ ክፉ ማለትም አልፈልግም።

ስክሪፕት_ጠባቂ
ያየኸውን ንገረው፣ ደቂቃውን ጥቀስ፣ ስለ ራስህ ተናገር። ለምሳሌ «ኤዲቱ ይንቀረፈፋል» ከምትል «4 ደቂቃ ከ10 ላይ ልጁ በር ከፍቶ ሲገባ የት እንደገባ ጠፋኝ፣ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ እሱን እያሰብኩ ስለነበር የተናገሩትን አልሰማሁም» በለው። ይሄ ማንንም አያስቀይምም፣ ባለቤቱ ደግሞ የት ሄዶ ምን እንደሚያይ ያውቃል። የወደድከውንም እንደዛው፣ «ጄሪካኑ ሲሞላ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲቀየር ተነፈስኩ» ብትላት ያቺ ልጅ ድምፁን እንዳትነካው ታውቃለች። «ጥሩ ነው» ብቻ ካልካት ግን ነገ ራሷ ልትቆርጠው ትችላለች።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ
የጀሞዋ፣ አዲሱ ከት ሲያልቅ ለኔም ላኪልኝ፣ እዚህ አማርኛ የማይሰሙ ሁለት የፊልም ልጆች አሉ ሰብታይትሉ እንደሚደርስላቸው እነሱ ላይ እንሞክረዋለን። ሰብታይትሉ ላይ 20 ሺ እና 12 ሺ በቁጥር ይፃፉ፣ በፊደል ከተፃፈ አንብበው ሳይጨርሱ ያልፋቸዋል።

የጀሞዋ_ኤዲተር
በቁጥር አደርገዋለሁ። ማክሰኞ ማታ በፋይል እልክልሃለሁ፣ ድምፅ ያዥ ላንተም፣ እባክህ በስልክ ሳይሆን በስፒከር ስማው።